በነዳጅ ማደያ ሥር ያለው አፈር እንዴት ይመረመራል? (የድሬዳዋን ታይዋን ሠፈር ምሳሌ በማድረግ)

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን የሚባል የገበያ ሠፈር አለ። ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው ይህ ሠፈር የታወቀው ከባሕር ማዶ በሚመጣ ዕቃ፣ ይልቁንም በኤሌክትሪክ መሣሪያና በልብስ ነው። ገዢው የዕቃውን ጥራት ለማወቅ ያገላብጠዋል፤ ያስከፍተዋል፤ በኮረንቲ ያስሞክረዋል። ነገር ግን የቆመበት መሬት ጤናማ መሆኑን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህ ስለማይጠየቀው መሬት ነው።

የጽሑፉ ዓላማ ነዳጅ ማደያ ባለበት ወይም በነበረበት ቦታ አፈሩ በነዳጅ መበከሉን ወይም አለመበከሉን ለማወቅ ናሙና የሚወሰድበትን ሥርዓት ለትምህርት ጓደኞቼ ማስረዳት ነው። ታይዋን የተመረጠው መሬት ውድ በሆነበትና ሰው በተጨናነቀበት የገበያ ሠፈር ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሳየት ነው። ስለ ማንኛውም በስም ስለሚታወቅ ማደያ የምንሰጠው ፍርድ የለም። ከዚህ በታች «ማደያው» ስንል ለማስረዳት ያህል በሐሳብ ያቆምነውን ማደያ ማለታችን ነው።

የምንደርስበትን ፍሬ ነገር አስቀድመን ለመናገር፣ አፈር የሚመሰክረው በአግባቡ ለጠየቀው ብቻ ነው። ያለ ቦታው፣ ያለ ጥልቀቱና ያለ ጥንቃቄ የተወሰደ አንድ ብርጭቆ አፈር ከላቦራቶሪ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ያለው ወረቀት ምርመራ ጨርሶ ካለማድረግ ይብሳል፤ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ይጠነቀቃልና፤ በሐሰት የተረጋጋ ግን አይጠነቀቅም።

ሀ. ነገሩ ስለምን ያሳስባል

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ. ም. ከዚህ ሜዳ ሲደርስ ከተማዪቱ ተቈረቈረች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በባሕር በር በኩል የሚገባውና የሚወጣው ዕቃ ሕይወቷ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬም አገራችን የምትጠቀምበት ነዳጅ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነው። በከተማዪቱ ውስጥ ባጃጁ፣ አውቶቡሱና የጭነት መኪናው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ነዳጅ ነው። ቤንዚን የጠፋ ዕለትም በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ በመንገድ ዳር ሲቸረቸር ይታያል። እንግዲህ ነዳጅ የሚፈስበት ቦታ ማደያው ብቻ አይደለም፤ ብዙው የሚከማችበት ግን ማደያው ነው።

በሌላ በኩል ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት በታች የሚገኝ ውሃ ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሲመጣ ግን እንዴት እንደሚመጣ በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ. ም. በሌሊት ደርሶ ከ200 የሚበልጥ ሰው የፈጀው ጎርፍ አሳይቷል። ከተማዪቱ በብዙ ቦታ የተሠራችበት መሬት እንዲህ ያለው ጎርፍ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ከተራራው ያወረደው አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ነው። ይህ ዓይነት መሬት ውሃን ፈጥኖ ወደ ታች ያሳልፋል። ከተማዪቱ ከመሬት ውስጥ ውሃ የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያሰጋትም ይኸው ነው።

ስጋቱ በግምት ብቻ የቀረ አይደለም። በሳቢያን አካባቢ ካሉት የውሃ ጉድጓዶች በአንዳንዶቹ የናይትሬት መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካመለከተው ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር በልጦ ተገኝቷል። የናይትሬቱ ዋና ምንጭ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከልዩ ልዩ ፍሳሽ ወደ ታች የሚሰርገው ቆሻሻ ነው። ይህ ነገር ስለ ነዳጅ በቀጥታ ባይናገርም አንድ ትልቅ ነገር ያስረዳናል፤ ይኸውም በላይ የተጣለው ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ክፍት መሆኑን ነው። ለናይትሬት የተከፈተ መንገድ ደግሞ ለቤንዚን አይዘጋም።

መጠኑን በሒሳብ እንመልከተው። ከአንድ የቧንቧ መጋጠሚያ በየሰኮንዱ አንድ ጠብታ ቤንዚን ይንጠባጠባል እንበል። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሆን በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ደግሞ ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል። ከመሬት በላይ ቢሆን ሕፃን እንኳ ያየዋል፤ ከሲሚንቶው ወለል ሥር ስለ ሆነ ግን ማንም አያየውም። ቤንዚን ውስጥ ከሚገኙት ቅመሞች አንዱ ቤንዚን ከሚባለው ነዳጅ ጋር ስሙ የተቀራረበው ቤንዚን ሳይሆን «ቤንዝን» ነው፤ ይህም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ቅመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠጣ ውሃ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ አመልክቷል። ከነዳጁ ክብደት ከመቶ አንዱ እጅ ቤንዝን ነው ብንል በአንድ ሊትር ውስጥ 7.5 ግራም ያህል ይገኛል። ይህ ሙሉ በሙሉ በውሃ ቢሟሟ 750,000 ሊትር ውሃ እስከዚያ ወሰን ድረስ ለማድረስ ይበቃል። በእርግጥ በመሬት ውስጥ ሁሉም አይሟሟም፤ ከፊሉ ይተናል፤ ከፊሉ በአፈር ይያዛል። ሒሳቡ የሚያሳየው ግን ጥቂት ነው ተብሎ የሚናቅ ፍሳሽ እንደሌለ ነው።

በሌሎች አገሮች የደረሰውም ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ የተባለችው ከተማ እ. ኤ. አ. በ1996 ከማደያ ታንኮች ያመለጠ የቤንዚን ማጣፈጫ ቅመም ከጉድጓዶቿ ስለ ተገኘ ከመጠጥ ውሃዋ ግማሽ ያህሉን የሚሰጡትን ጉድጓዶች ለመዝጋት ተገድዳለች። በናይጄሪያ ኦጎኒ ምድር ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ. ኤ. አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ ከነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ አጠገብ ባለ አንድ መንደር በከርሰ ምድሩ ውሃ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተጣራ ነዳጅ ተንሳፍፎ መገኘቱን፣ በጉድጓዶቹም ውስጥ የቤንዝን መጠን ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ከ900 ጊዜ በላይ እጥፍ መሆኑን ገልጿል። በሁለቱም ቦታ ሰዎች ነገሩን ያወቁት ውሃው ከተበላሸ በኋላ ነው። አፈሩ ግን ከውሃው አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ለ. ነዳጅ በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ

ናሙና የት እንደሚወሰድ ለመወሰን አስቀድሞ ነዳጁ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከታንክ ወይም ከቧንቧ ያመለጠ ነዳጅ በመጀመሪያ በክብደቱ ምክንያት ወደ ታች ይወርዳል። በአሸዋና በጠጠር ውስጥ ፈጥኖ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሸክላ አፈር ሲያጋጥመው ግን ቆም ብሎ ወደ ጎን ይሰራጫል። በጎርፍ የተከማቸ መሬት የአሸዋና የሸክላ ንብብር ስለ ሆነ ነዳጁ ልክ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ጥቂት ወደ ጎን፣ ጥቂት ወደ ታች እያለ ይጓዛል። ስለዚህ ፍሳሹ ያለው ከታንኩ ሥር ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ሜትር ርቆ በጎረቤት ግቢ ሥር ይገኛል።

ነዳጁ ባለፈበት ሁሉ የተወሰነ መጠን በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ይቀራል። ውሃ የጠጣ ሰፍነግ ቢጨመቅም እርጥብ ሆኖ እንደሚቀር ማለት ነው። ፍሳሹ ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ አፈሩን መርምሮ ማወቅ የሚቻለው ይህ ቅሪት ስላለ ነው።

ነዳጁ ብዙ ከሆነ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ይደርሳል። ቤንዚንም ናፍጣም ከውሃ የሚቀሉ ስለ ሆኑ በላዩ ይንሳፈፋሉ። የውሃው መጠን በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ሲል የተንሳፈፈው ነዳጅ አብሮ ይወጣል፤ አብሮ ይወርዳል፤ በዚህም መካከል ያለውን አፈር ሁሉ ይቀባዋል። ከዚያ ውስጥ እንደ ቤንዝን ያሉት የሚሟሙ ቅመሞች ከውሃው ጋር ወደ ጉድጓዶች ይጓዛሉ።

ሌላው መንገድ ትነት ነው። ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን በአፈር ቀዳዳ ውስጥ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ወለሉ በተሰነጠቀ ሱቅ ወይም መጋዘን ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት አገር ይህ ነገር ይበረታል።

ይሁን እንጂ አፈር ራሱን የሚከላከልበት ኃይልም አለው። በውስጡ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ነዳጁን እንደ ምግብ ይጠቀሙበታል። ሥራቸውን ለመሥራት ግን አየርና እርጥበት ስለሚሹ በደረቅ መሬት ውስጥ ሥራቸው የዘገየ ነው። እርሳስ የተባለውን ብረት ደግሞ ማንም ሕያው አይበላውም። እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እ. ኤ. አ. በ2006 መጀመሪያ፣ በዓለም ሁሉ ደግሞ በ2021 ለመንገድ መኪና መሸጡ ቀርቷል። ከዚያ በፊት የፈሰሰው ግን አሁንም ከፈሰሰበት አለ። ስለዚህ በቀድሞ ዘመን በተሠራ ማደያ እርሳስን አብሮ መመርመር ይገባል።

ሐ. ከመቆፈር በፊት

ጥሩ አጥኚ መሰርሰሪያውን ከማንሳቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያነሣል። የመጀመሪያው ሥራ የቦታውን ታሪክ መጻፍ ነው። ታንኮቹ መቼ ተቀበሩ? ስንት ናቸው? ከምን ተሠሩ? ተለውጠው ያውቃሉን? ከታንክ እስከ መቅጃው ቧንቧው በየት ያልፋል? ቦቴው ነዳጁን የሚያራግፈው ከየት ቆሞ ነው? ዘይት የሚለወጥበት ጉድጓድ የት ነበር?

የዚህን መልስ ፕላን ካለ ከፕላን፣ ከሌለ ከሰው ማግኘት ይቻላል። ብዙ ዓመት የሠራ ቀጂ ወይም የግቢ ዘበኛ ፕላን የማያሳየውን ያውቃል። የድሬዳዋ ሰው ደግሞ በጨዋታ የታወቀ ነው። ከሰዓት በኋላ በበርጫ ሰዓት አጠገቡ ቁጭ ብሎ «አባባ፣ የድሮው ታንክ የት ነበር?» ብሎ በትሕትና የጠየቀ ተማሪ አንድ ቀን ሙሉ በከንቱ ከመቆፈር ይድናል። እንዲህ የተገኘው ቃል ግን መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በአፈሩ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው የሒሳብ መዝገብ ነው። በየቀኑ ወደ ታንኩ የሚገባው መለኪያ ዘንግ የሚያሳየው መጠን ከገባውና ከተሸጠው ጋር ይመሳከራል። ቤንዚን በሙቀት ስለሚተንና ስለሚለጠጥ ጥቂት ልዩነት ያለ ነው። ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ ወደ መጉደል ካዘነበለ የሚያንጠባጥብ ነገር አለ ማለት ነው። የዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ቢገኝም ታንኩ ቀዳዳ እንዳለው ያመለክታል፤ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ነዳጅ ያስወጣልና።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ነው። በገበያ ሠፈር ሥር የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። እነዚህ የሚያልፉበትን ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሳይጠይቁ መቆፈር ሕይወት ያስጠፋል። እሳት፣ ሲጋራና ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ ከአካባቢው መራቅ አለበት።

መ. የትና በምን ያህል ጥልቀት

ናሙና የሚወሰድባቸውን ቦታዎች ለመምረጥ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው መሬቱን እንደ ዳማ ገበታ በእኩል ከፍሎ ከየመገናኛው መውሰድ ነው። ይህ መንገድ የፍሳሹ ምንጭ በማይታወቅበት ሰፊ ባዶ ሜዳ ይጠቅማል። ሁለተኛው ነዳጅ ሊያመልጥ የሚችልባቸውን ቦታዎች አስቦ እነርሱን መምረጥ ነው። ለማደያ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ ሆኖም በተመረጡት ቦታዎች መካከል ጥቂት ነጥቦችን በእኩል ርቀት ማከል ከአጥኚው ስሕተት ያድናል።

በማደያው ውስጥ ሊቀሩ የማይገባቸው ቦታዎች የሚከተሉት ናቸው፤

1. የእያንዳንዱ ታንክ ሁለቱ ጫፎች፣ ከታንኩ ወለል በታች፤
2. ቦቴ የሚያራግፍበት አፍ ዙሪያ፤
3. የእያንዳንዱ መቅጃ ፓምፕ ሥር፤
4. የቧንቧው መስመር፣ በየ6 ሜትሩ ገደማና በየመጋጠሚያው፤
5. ዘይት የሚለወጥበትና መኪና የሚታጠብበት ቦታ፣ የፍሳሹም መውረጃ፤
6. ወደ ጎረቤት በሚያዘነብለው ወሰን ላይ ያለው መሬት።

ከእነዚህ ሌላ አንድ ነጥብ ከማደያው ውጭ፣ ከፍ ባለው በኩል፣ ነዳጅ ካልነካው ተመሳሳይ አፈር ይወሰዳል። ይህ ማመሳከሪያ ናሙና ይባላል። በገበያ ሠፈር የመኪና ጢስና የመንገድ ዘይት ስለማይጠፋ ያለ ማመሳከሪያ ናሙና የተገኘው ብክለት የማደያው ይሁን የመንገዱ መለየት አይቻልም። ይህ ደግሞ ለማደያው ባለቤትም የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ስለ ጥልቀት በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት ከላይ ብቻ መጫር ነው። ላዩ አፈር በፀሐይ ተንኖ ቤንዚኑን ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ትናንት ከሞተር ሳይክል የተንጠባጠበ ዘይት ሊያሳይ ይችላል። ስለ ታንኩ የሚመሰክረው ከታንኩ በታች ያለው አፈር ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ከታንኩ ወለል አልፎ መውረድ፣ በየግማሽ ሜትሩ ወይም በየሜትሩ አፈሩ መታየትና መመዝገብ አለበት። ቀለሙ ሲለወጥ፣ አሸዋው ወደ ሸክላ ሲለወጥ፣ እርጥበት ሲጀምር፣ በእነዚህ ወሰኖች ላይ ናሙና ይወሰዳል፤ ነዳጁ የሚቆመው በነዚህ ወሰኖች ላይ ነውና። ቁፋሮው የሚያበቃው ንጹሕ አፈር ሲገኝ ነው። ብክለቱ ገና ሳያልቅ ቁፋሮው ቢቆም የብክለቱ ወሰን አልታወቀም ማለት ነው።

በጠጠርና በድንጋይ በተሞላ መሬት የእጅ መሰርሰሪያ ከአንድ ሜትር ላይዘልቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ መኪና ላይ የተጫነ መቆፈሪያ ያስፈልጋል። ጉድጓድ በአካፋ ቢቆፈር ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ ናሙና ማንሳት የለበትም፤ አሸዋ ይደረመሳል፤ ጋዝም ያፍናል። አፈሩ በመሣሪያ ወደ ላይ ወጥቶ ከመካከሉ፣ የመሣሪያው ብረት ካልነካው ክፍል ይወሰዳል።

ሠ. ናሙናውን ስለ መውሰድና ስለ መጠበቅ

እዚህ ላይ ሁለት ተማሪዎችን እናስብ። ሁለቱም ከአንድ ጉድጓድ፣ ከአንድ ጥልቀት ናሙና ወሰዱ። አንደኛው አፈሩን በፌስታል ቋጥሮ፣ ከሦስት ቦታ የወሰደውን አንድ ላይ ደባልቆ፣ በመኪናው ኋላ ጥሎት ምሳውን በላ። ከቀትር በኋላ የመኪናው ውስጥ እንደ ምድጃ ግሏል። ሁለተኛዋ አፈሩን ወዲያው በብርጭቆ ብልቃጥ ሞልታ፣ ጠበቅ አድርጋ ዘግታ፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ አኖረችው። ላቦራቶሪው ለአንደኛው «ቤንዝን አልተገኘም»፣ ለሁለተኛዋ «ተገኝቷል» ብሎ ቢመልስ ላቦራቶሪው አልተሳሳተም። የአንደኛው ቤንዝን ከአፈሩ ወጥቶ ሄዷል። ምርመራው የከሸፈው በላቦራቶሪ ሳይሆን በምሳ ሰዓት ነው።

ስለዚህ የሚከተለው ሥርዓት ሊጠበቅ ይገባል። ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ ጓንት ይደረጋል። መሣሪያው ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ሲዛወር በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ አለዚያ የአንዱ ጉድጓድ ኃጢአት በሌላው ላይ ይቈጠራል። ለሚተኑ ቅመሞች የሚወሰድ አፈር አይደባለቅም፤ አይነፋም፤ አይደርቅም። ብልቃጡ አየር እንዳይኖርበት እስከ አፉ ይሞላል፤ ወይም የተመዘነ አፈር ሜታኖል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይጨመራል። ናሙናው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቆያል። በሜታኖል የተጠበቀ ናሙና በ14 ቀን ውስጥ፣ ያልተጠበቀ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ፣ ላቦራቶሪውም ሩቅ ከሆነ፣ የበረዶው ጉዳይ ከቁፋሮው ጉዳይ እኩል አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

አፈሩን አንሥቶ ማሽተት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሊተው የሚገባ ልማድ ነው። ቤንዝን በአፍንጫም ይገባልና። በምትኩ ጥቂት አፈር በከረጢት ግማሽ ድረስ ተጨምሮ፣ ታስሮ፣ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ጋዙ በእጅ በሚያዝ የጋዝ መለኪያ ይለካል። ይህ መለኪያ የቅመሙን ዓይነት አይነግርም፤ ከብዙ ናሙና የትኛው ወደ ላቦራቶሪ መላክ እንዳለበት ለመምረጥ ግን ይረዳል።

በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የናሙናው ቍጥር፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የወሰደው ሰው ስም ይጻፋል። ብልቃጡ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር ሰጪውና ተቀባዩ በመዝገብ ላይ ይፈርማሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ አፈር የዚያ ቦታ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?» የሚል ነውና። ከአሥር ናሙና አንዱ በሁለት ብልቃጥ ተወስዶ በተለያየ ቍጥር ይላካል፤ ሁለቱ ውጤቶች ከተራራቁ ሥራው ይመረመራል። አንድ ንጹሕ ብልቃጥም ሳይከፈት አብሮ ሄዶ ይመለሳል። በእርሱ ውስጥ ነዳጅ ከተገኘ ብክለቱ የመጣው ከመሬቱ ሳይሆን ከመንገዱ ነው።

ረ. ውጤቱን ስለ ማንበብ

በላቦራቶሪ አፈሩ በጋዝ ክሮማቶግራፍ ይመረመራል። ይህ መሣሪያ ቅመሞቹን እንደ አፈላላቸው ቅደም ተከተል ይለያቸዋል፤ የቤንዚን ቅመሞች ቀድመው፣ የናፍጣ ዘግይተው ይወጣሉ። ስለዚህ ፍሳሹ የትኛው ነዳጅ እንደ ነበረ ማወቅ ይቻላል። ከጠቅላላው የነዳጅ መጠን ሌላ ቤንዝን፣ ቶልዊን፣ ኤትልቤንዝንና ዛይሊን የተባሉት አራቱ ለየብቻ ይለካሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ቦታ እርሳስንና ሌሎች ብረቶችን መለካት ይገባል። ውጤቱ የሚሰጠው በአንድ ኪሎ ግራም አፈር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንደተገኘ ነው።

«አልተገኘም» የሚለው ቃል በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ትርጓሜው «መሣሪያው ማየት ከሚችለው በታች ነው» ማለት እንጂ «የለም» ማለት አይደለም። መሣሪያው ከስንት ጀምሮ ማየት እንደሚችል ያልተጻፈበት ውጤት ግማሽ ውጤት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ይህ መጠን ብዙ ነው ወይስ ጥቂት?» የሚለው ነው። ብዙ አጥኚዎች የሆላንድን ወሰን ይጠቀማሉ። በዚያ አገር መመሪያ ጣልቃ መግባት የሚያስፈልገው በአንድ ኪሎ አፈር ቤንዝን ከ1.1 ሚሊ ግራም፣ የማዕድን ዘይት ከ5,000 ሚሊ ግራም ሲበልጥ ነው። ነገር ግን እነዚህ ቍጥሮች የተሰሉት ከመቶ አሥር እጅ ብስባሽ ላለው አፈር ነው። መመሪያው ራሱ ብስባሹ ባነሰ መጠን ወሰኑ እንዲቀነስ ያዛል፤ ብስባሹ ከመቶ ሁለት እጅ ወይም ከዚያ በታች በሆነ አፈር የቤንዝኑ ወሰን 0.22፣ የማዕድን ዘይቱ 1,000 ሚሊ ግራም ይሆናል። የደቻቱን የመሰለ አሸዋ ብስባሽ የለሽ ነው ለማለት ይቻላል። እንግዲህ 0.8 ሚሊ ግራም ቤንዝን የተገኘበትን አሸዋ ከ1.1 ጋር አስተያይቶ «ከወሰን በታች ነው» የሚል ሰው የመመሪያውን አንድ ገጽ አንብቦ ሁለተኛውን ትቷል። ከሰው አገር የተዋሰነው ቍጥር ከነሁኔታው ካልተዋስነው ያስተናል።

የቦታው አገልግሎትም ይታሰባል። ማደያ ሆኖ ለሚቀጥል ቦታ የሚበቃ ንጽሕና ነገ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም መኖሪያ ለሚሠራበት ቦታ አይበቃም። መሬት ውድ በሆነበት የታይዋንን የመሰለ ሠፈር ይህ ለውጥ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ሰ. ሕጉና የእኛ ድርሻ

በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ. ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል አድርጓል። መሠረቱ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ሕግ የሚሠራው በማስረጃ ነው፤ የመሬት ማስረጃ ደግሞ ናሙና ነው። ናሙናው ካልታመነ አዋጁ የተጻፈ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አንድ ማደያ ሲዘጋ ወይም ታንኩ ሲለወጥ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት አፈሩ ቢመረመር ወጪው ቀላል ነው፤ በላዩ ፎቅ ከተሠራበት በኋላ ግን ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ብክለት ቢገኝ አስቀድሞ ፍሳሹን ማቆም፣ ቀጥሎ አፈሩን ማውጣት ወይም በአየር ማጽዳት ያስፈልጋል። የወጣው አፈር በደቻቱ አሸዋ ላይ መጣል የለበትም፤ ይህ ብክለቱን ከጓሮ አውጥቶ ወደ ማድጋ መጨመር ነው። ሦስተኛ፣ በድሬዳዋና በአካባቢዋ ባሉ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ተማሪዎች የከተማዪቱን የቀድሞና የአሁን ማደያዎች ቦታ በካርታ ቢያሰፍሩ፣ ከውሃ ጉድጓዶቹም ያላቸውን ርቀት ቢለኩ፣ ያለ ብዙ ገንዘብ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

ጽሑፌን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ምርመራ ማደያውን ለመክሰስ የሚደረግ አድርገው የሚያዩ አሉ። በአግባቡ የተወሰደ ናሙና ግን ለማንም አያዳላም። ያላጠፋውን ባለቤት ከሐሜት ያድነዋል፤ መሬቱን የሚገዛውን ከማያውቀው ዕዳ ያድነዋል፤ በሳቢያን ቧንቧ የሚጠጣውን ልጅ ደግሞ ስሙን እንኳ ከማያውቀው መርዝ ያድነዋል። በታይዋን ገበያ ዕቃውን ሳያገላብጥ የሚገዛ ሰው ቢከስር የሚከስረው ገንዘቡን ነው። መሬቱን ሳይመረምር የሚኖር ከተማ ግን ቢከስር የሚከስረው ውሃውን ነው፤ ውሃ ደግሞ ከገበያ ተመልሶ አይገዛም።